ቪፒኤን ተየሙም ነው
(በደብረ ማርቆስ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ አንድ ሐጂ አባታችን በሩ ላይ አስቆሙን። «ኡስታዝ፣ የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ቪፒኤን የሚሉትን ነገር ጫነልኝ። ፌስቡክ ሲዘጋ ይከፍታል ይለኛል። እንዲያው ይህ ነገር ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» አሉን። እኛ ሙፍቲ አይደለንም። ቁርኣንና ፊቅህ የምናስቀራ የመድረሳ አስተማሪዎች ነን። ለሐጂ የሰጠናቸው መልስም «እስቲ እናስብበት» የሚል ብቻ ነበር። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀንም። ወጣቶቻችን ስልኩን ያውቁታል፣ ነገር ግን ቆም ብለው አይጠይቁም። አባቶቻችን ይጠይቃሉ፣ የሚመልስላቸው ግን የለም። ስለዚህ ያሰብነውን ዛሬ እዚሁ በጀማዓው ፊት እንናገራለን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ። ስልካችን ላይ አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት ጥያቄያችን እንደ ደብዳቤ ነው የሚጓዘው። ደብዳቤው ከማርቆስ ይነሣል፣ በቴሌ መስመር በኩል ያልፍና ከአገር ይወጣል። ለረጅም ዓመታት በሩ አንድ ነበር፣ ባለቤቱም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በ2015 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ አገኘን። እገዳ ማለት በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የደብዳቤውን አድራሻ አንብቦ «ይህ አያልፍም» ብሎ ሲጥለው ነው። ቪፒኤን ደብዳቤያችንን በሌላ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። ላዩ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ጀርመን ወይም ሆላንድ ያለ የአንድ ኮምፒውተር ነው፤ ሰርቨር ይሉታል። ጠባቂው የውጩን አድራሻ ብቻ አይቶ ያሳልፈዋል። ያ ሰርቨር ፖስታውን ይከፍታል፣ ደብዳቤውን ወደ እውነተኛው ቦታ ይልካል፣ መልሱንም በዚያው መንገድ ይመልስልናል። ድግምትም ጥንቆላም የለበትም። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ቅርንጫፎቻቸውን ለማገናኘት በየቀኑ የሚሠሩበት ነገር ነው። እንዲያውም የተሠራው ለዚያ ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ከዚህ ነገር ጋር ዛሬ አልተዋወቅንም። ዕድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከምርጫ 97 በኋላ በስልክ የሚላከው የጽሑፍ መልእክት እንኳ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶብን ነበር። በ1998 ደግሞ ድረ ገጾች መታገድ ጀመሩ። በ2004 ከአወሊያ የተነሣው የ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ መልእክቱን በፌስቡክ ሲያስተላልፍ፣ ፌስቡክ የሌለን ደግሞ የተባዛውን ወረቀት መስጂድ ውስጥ እየተቀባበልን ስናነብ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ ቶር የተባለው የማለፊያ መሣሪያ አገራችን ውስጥ መሥራት አቆመ። ጠባቂው ከአድራሻው አልፎ የፖስታውን ቅርጽ መለየት ችሎ ነበር። ኮሚቴዎቻችን የታሰሩት በሐምሌ ነው። በ2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪያን ክስ ውስጥ ደግሞ መልእክትን ከሰላዮች የሚጠብቁበትን ዘዴ መማራቸው ራሱ ተጠቅሶ ነበር። መደበቅን መማር እንደ ወንጀል የተቆጠረበት ዘመን ነው። በሰኔ 2010 ነገሩ ላላና 264 ድረ ገጾችና ሌሎች የመገናኛ ብዙኃን ተከፈቱ ተባለ። ያኔ ብዙዎቻችን ቪፒኤኑን ከስልካችን አጠፋን። የሚያስፈልገን አልመሰለንም ነበር።

ከዚያ የካቲት 2 ቀን 2015 መጣ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ምክንያቱ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ውስጥ የተነሣው ውዝግብ ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን «የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ያልን ነበርን። እኛም ራሳችን ይህን ብለናል። መዘጋቱ ግን ከጉዳዩ ጋር አላበቃም። ረመዷን ገባ፣ ዒድ አለፈ፣ እገዳው እንዳለ ነበር። በግንቦት ሸገር ከተማ ውስጥ መስጂዶች ሲፈርሱ፣ ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ከጁሙዓ በኋላ በአንዋር መስጂድ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ሲያልፍ፣ እኛ እዚህ ሆነን ያየነው ሁሉ የመጣው በቪፒኤን ነበር። ለጎረቤት ተብሎ የተዘጋው በር በሦስት ወሩ እኛኑ ዘጋብን። እስከ ሐምሌም አልተከፈተም።

ስለዚህ ሐጂ፣ የልጅ ልጅዎ አልዋሸም። ይከፍታል። ግን ሁሉን አይከፍትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መዘጋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አሁን የነገርናችሁ እገዳ ነው፤ መንገዱ አለ፣ ጠባቂው እየመረጠ ይመልሳል። ሁለተኛው መቋረጥ ነው፤ መንገዱ ራሱ ይነሣል። ደብዳቤውን በአሥር ፖስታ ብትጠቀልለው የሚጭነው መኪና ከሌለ የትም አይደርስም። በሰኔ 2011 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ መሪዎች በተገደሉ ጊዜ፣ በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ እዚያ ስልኩም ጭምር ነው የተቋረጠው። በኅዳር 2013 ነጋሽ ያለው የነጃሺ መስጂድ በጦርነቱ ተመታ። አስቡት! የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ባረፉበት ምድር ያለው መስጂድ ሚናራው ተጎድቶ፣ ውስጡ ተዘርፎ፣ እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በቅጡ ያወቅነው ከሳምንታት በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት እዚህ ቆመን ለሌላ ጉዳይ ዱዓ ስናደርግ ነበር። ያንን ዜና ሊያመጣልን የሚችል ቪፒኤን በዓለም ላይ አልነበረም።

የራሳችንንም አይተነዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ጀምሮ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ወጣቶቻችን ቪፒኤኑን እየቀያየሩ ሲሞክሩ እናያቸው ነበር፤ አንዱ ባይሠራ ሌላው፣ ሌላው ባይሠራ ሦስተኛው። የሚጠቀለልበት መንገድ እንደሌለ የነገራቸው አልነበረም። የገመድ ኢንተርኔት ያለው ሆቴል አጥር ሥር በብርድ ተኮልኩለው ዋይፋይ ሲጠብቁ አምሽተዋል። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል የገባ መንገደኛ እንደ ጋዜጣ ይጠየቅ ነበር። ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ድምፁን ለመስማት የውጭ ስልክ ሂሳብ ከየት ታምጣ?

በሐምሌ 2011 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። ስለ አየሩ አንከራከርም። ውኃውን ግን እንደ ፊቅህ አስተማሪ እንያዘው፤ እኛ ስለ ውኃ የምናውቀው ነገር አለን።

ውኃ ያጣ ሰው ተየሙም ያደርጋል። በንጹሕ አፈር ፊቱንና እጁን ያብሳል፣ ሶላቱም ይቆጠርለታል። ይህ ሩኽሳ ነው፤ አላህ ለተቸገረ ያደረገው ማቅለያ። ደረሶቻችን የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሚቀሩት ነው። ግን ሩኽሳው ሸርጥ አለው። መጀመሪያ ውኃውን ትፈልጋለህ። አፈሩ ንጹሕ መሆን አለበት። ውኃው ሲመጣ ተየሙሙ ያበቃል። እኛ ቪፒኤንን እንደዚህ ነው ያየነው። የራሱ ቁርኣን የለው፣ የራሱ ኃጢአት የለው፤ የሚመዘነው በሚወስድህ ቦታ ነው። ጸያፍ ነገር ለማየት የሚከፍተው ሰው፣ መንገዱ ቢጠቀለልለትም አላህ ያየዋል። የታሰረ ወንድሙን ወሬ፣ የትምህርት ጽሑፍ፣ የሩቅ ዘመዱን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ግን ችግር ነው ያስገደደው። የሐጂን ጥያቄ ከዚህ በላይ አንመልስም፤ ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት ያላቸው ዑለሞች አሉን።

ያስጨነቀን ሌላው ሸርጥ ነው፤ አፈሩ ንጹሕ መሆኑ።

በሐዲስ ትምህርት አንድ ዘገባ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ከማን ሰማኸው ብለን ነው። እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እያለ ሰንሰለቱ ይቆጠራል። በሰንሰለቱ ውስጥ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ካለ መጅሁል ይባላል፤ ዘገባው ይደክማል። አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ነጻ ቪፒኤን ተመልከቱ። በእናንተና በዓለም መካከል አንድ አስተላላፊ ገብቷል። ደብዳቤያችሁን ሁሉ እሱ ነው የሚከፍተው። የት የት እንደምትሄዱ ያያል። መልእክቱ በራሱ የተቆለፈ ካልሆነ ውስጡንም ሊያነብ ይችላል። ማነው? የት ነው ያለው? ሰርቨር ማቆም ገንዘብ ያስወጣል፤ ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ለምን በነጻ ይሰጠናል? ከቴሌ ዓይን ሸሽተን ስሙን ለማናውቀው ሰው ነው የሰጠነው። እንዲህ ያለ አማና ለጎረቤት እንኳ አናስቀምጥም።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ፌስቡክ ራሱ ኦናቮ የሚባል ነጻ ቪፒኤን ነበረው። ይጠብቃችኋል እያለ ሰዎች ስልካቸው ላይ በምን በምን እንደሚጠቀሙ ይሰበስብበት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አፕል ሕጌን ይጥሳል ስላለ ከአፕል መደብር ወጣ። ሆላ የሚባለው ደግሞ በ2015፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ የነጻ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ሲሸጥ ተደረሰበት። የአንተን ኔት ሌላ ሰው ይጠቀምበታል፣ ያ ሰው ያጠፋው ጥፋት በአንተ መስመር ይመዘገባል። በሌላ በኩል ሳይፎንን የመሰሉ አሉ። መነሻው ካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የተሠራውም እገዳ ላለባቸው አገሮች ሰዎች ታስቦ ነው፤ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ልዩነቱ የሚታወቅና የማይታወቅ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የምትቀባበሉት ነው። እገሌ ለእገሌ፣ እገሌ ለእገሌ እያለ ኤፒኬው ይዞራል፤ መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ቪፒኤን የሚል ስም ስለተጻፈበት ብቻ ስልኩን በሙሉ ፈቅደን እንከፍትለታለን፤ ፎቶውን፣ የሰዎችን ቁጥር፣ ሁሉን። ደግሞም ቪፒኤን ስም አይደብቅም። በራሳችሁ ፌስቡክ ገብታችሁ የጻፋችሁት የእናንተ ነው፤ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ቁጥራችሁን ሊያይ ይችላል። ቴሌም የምትሄዱበትን ባያውቅ በቪፒኤን እየሄዳችሁ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። በአንድ ኬላ ላይ ስልኩ ተፈትሾ «ይህን ለምን ጫንከው?» ተብሎ ግማሽ ቀን የቆመ ደረሳ አለን። ሊያየው የፈለገው የቁርኣን ቂርኣት ነበር፤ ይህን ለማስረዳት ግን ግማሽ ቀን ፈጀበት። (ስለ ገንዘቡም በአጭሩ እንንገራችሁ፦ ለቴሌግራም ብቻ ብላችሁ የገዛችሁት ርካሽ ጥቅል በቪፒኤን ስትሄዱ አይታወቅላችሁም፤ ከዋናው ዳታ ነው የሚበላው። ካርድ ቶሎ አለቀ የምትሉት ለዚህ ነው።)

አሁን ለዚህ ንግግር ያነሣሣንን ነገር እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

በዚያው በ2015 እገዳ ወራት፣ የአንዋር ጉዳይ ልባችንን ባቆሰለበት ሰሞን፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ደረሳ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። መስጂድ ይነዳል። ጭሱ ይታያል፣ ሰው ይጮኻል፣ ከሥሩ «አሁን፣ ሞጣ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሞጣን እናውቃታለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጂዶቻችን የተቃጠሉባት፣ የሙስሊም ወንድሞቻችን ሱቆች የተዘረፉባት የራሳችን የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ያ ቁስል አልዳነም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። በአንድ አፍታ በሩ ላይ ሠላሳ ያህል ወጣት ተሰበሰበ። ዱላ ያነሣም ነበር። ከመስጂዱ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፤ ለወሊማችን በርበሬ በዱቤ የሚሰጠን ሰው። ግርግሩን ሰምቶ በሩን ሲዘጋ አየነው። ያ መዝጊያ ሲወርድ የተሰማን ሐፍረት እስከ ዛሬ አለ።

የመስጂዱ ኻዲም ስማርት ስልክ የላቸውም። ባለ ቁልፏን ስልክ አውጥተው ሞጣ ላለ ዘመዳቸው ደወሉ። የድምፅ ስልክ ይሠራ ነበር። ድምፁን ከፍ አደረጉት፣ ሁላችንም ሰማነው፦ «ኧረ ደህና ነን፣ አሁን ከዒሻ ወጣን፣ ምን ሆናችሁ?» አለ። ቪዲዮው የታኅሣሥ 2012 ነበር። አንድ ሰው ቀኑን ቀይሮ ለቆታል።

ልጁን ከማን አገኘኸው አልነው። ከግሩፕ። ግሩፑ ላይ ማን አደረገው? የአጎቱ ልጅ። እሱስ? ከሌላ ግሩፕ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሱረቱል ሑጁራት ላይ ወሬ ይዞ የሚመጣን ሰው ነገር አጣሩ የተባልነውን ይህን ልጅ እኛው ራሳችን አስቀርተነዋል።

ግን ጥፋቱን ልጁ ላይ ጥለን መሄድ አልቻልንም። ሞጣ ያለው ሰው ለምን አላስተባበለም? ስለማያይ ነው። ቪፒኤን የለውም። ሞጣ ላይ ቆሞ «ይህ ሐሰት ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ የሚጽፈው ተራ ሰው በእገዳው ዝም ተሰኝቷል። ሊናገር የቀረው ቪፒኤን ያለው፣ አብዛኛው ከሩቅ ያለ፣ ምናልባትም ከአገር ውጭ የተቀመጠ ሰው ነው። መንግሥት የሚያግደው ወሬ እንዳይነዛ ነው ይለናል። እኛ ያየነው ግን ወሬው በቪፒኤን ገብቶ ማስተባበያው ውጭ ሲቀር ነው። እሳት እንዳይስፋፋ ብሎ ውኃ ቀጂዎቹን ቤታቸው መቆለፍ ማለት ነው። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ በሰላማዊ መንገድ፣ በግልጽ፣ በስማችን ፈርመን መናገር አለብን። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጋር ሆነን፤ እገዳው የካቲት ላይ በእነሱ ተጀምሮ ግንቦት ላይ በእኛ ቀጥሏልና።

እዚህ ላይ ወጣቶችን አንድ ነገር እንወቅሳለን። ቪፒኤን ስላላችሁ ስለ መዘጋቱ መናገር ትታችኋል። «ይሠራል እኮ» ትሉናላችሁ። ለእናንተ ይሠራል። ስልክ ለማታውቀው እናታችሁ አይሠራም፣ ገጠር ላለው አጎታችሁ አይሠራም፣ ቁርጡ ሲመጣ ደግሞ ለእናንተም አይሠራም። ተየሙም ያደረገ ሰው ውኃ መፈለጉን አይተውም፤ ከተወ ሩኽሳውን አላገባብ ተጠቀመበት።

በሥራ ደረጃ የተስማማነውን እንንገራችሁና ዱዓ እናድርግ። አንደኛ፣ ኔት ቢዘጋም ባይዘጋም ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደጀንና ከሌሎቹም ከተሞች ከየመስጂዱ የሁለት ሰው የድምፅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፋል። ወረቀቱ ኻዲሙ ዘንድ ይቀመጣል። ስለ አንድ ከተማ የተነገረ ነገር እዚያው ከተማ ላለ ሰው ሳይደወል ከዚህ መስጂድ በር ላይ እንደ እውነት አይነገርም። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥብን የሚጠይቀው ደብዳቤ ረቂቅ ተዘጋጅቷል፤ ከመግሪብ በኋላ ይነበባል፣ ማስተካከያ ያለው ይናገር፣ የሚፈርም ሙሉ ስሙን ይጻፍ። እናቶችም በእነሱ በኩል ይፈርማሉ። ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ መድረሳው ክፍት ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። በዜንደር የመጣውን ሁሉ አብረን እናጠፋለን፣ የሚያስፈልገው ደግሞ የታወቀውን ብቻ እንዲያስቀር እናሳየዋለን። ሐጂ፣ እርስዎም የልጅ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፤ እሱ ስልኩን ለኛ ያስረዳናል፣ እርስዎ ጥያቄውን ይጠይቁልናል።

ቻርጀር የምታመጡ የማከፋፈያ ገመዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።